ጎደለ፣ በረደ፣ ጋብ አለ

ፎገራ ላይ ያደገ ሰው ክረምትን በወንዝ ነው የሚያስታውሰው። ርብም ጉማራም ከጉና ተራራ ይነሡና ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ሐምሌና ነሐሴ ጉና ላይ ዶፍ ሲወርድ፣ ታች እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዙ ሞልቶ ይመጣል፤ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ዳርቻውን እየናደ። ገበያ የሄደ ሰው ማዶ ያድራል፤ ከብቱ ማዶ የቀረበት እንቅልፍ አይወስደውም። እናቴ "ሂድና ጎድሎ እንደሆን እይ" ብላ ትልከኝ ነበር። እኛ ልጆች ውሃው ጠርዝ ላይ ችካል እንተክላለን፤ ቆይተን ስንመለስ ችካሉን ከውሃው ርቆ ጭቃ ላይ ቆሞ ካገኘነው እየጮኽን ወደ ቤት እንሮጣለን። "ጎደለ! ጎደለ!"

ይህ ግስ ለእኛ ለብዙ ነገር ይበቃ ነበር። ወንዝ ይጎድላል፣ ጨረቃ ትጎድላለች፣ እንስራ ይጎድላል፣ የዕቁብ ገንዘብ ይጎድላል። ሰው ሲሞትም "ከቤታቸው ሰው ጎደለ" ይባላል። ሞልቶ የነበረ ነገር የሚያንስበት መንገድ አንድ ብቻ ይመስል ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ሌላ ግስ መጣ። በዚያ ዘመን እስከ ስድስተኛ በአማርኛ ተምረን፣ ከሰባተኛ ጀምሮ ሒሳቡም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆንብን ነበር። ተማሪው ይህን የሚወጣበት ዘዴ ነበረው። የደብተሩን ገጽ በቁመቱ ለሁለት ያጥፋል፤ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን፣ አንድ ለአንድ ጽፎ በቃሉ ይይዛል። የእንግሊዝኛ መምህራችን ይህን ዘዴ አጥብቀው ይጠሉ ነበር። ጎጃሜ ናቸው፤ ባሕር ዳር ፔዳጎጂ የተማሩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። "ቃል ብቻውን አይጠናም" ይሉን ነበር። "ሰውን በጓደኛው እንደምታውቁት፣ ቃልንም ከማን ጋር እንደሚውል አይታችሁ እወቁት።" ሐሳቡ እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጆን ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1957 የጻፈው መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በተማርኩበት በወረታ ከተማ ግን በመምህሬ አንደበት ሰምቼዋለሁና እስከ ዛሬ የእሳቸው ሆኖ ነው የሚሰማኝ።

ቃሉ የመጣው በማዕበል ስለ ተያዘች መርከብ በሚያወራ ምንባብ ውስጥ ነው። ማዕበሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጣት አድሮ ንጋት ላይ የሆነውን የሚናገረው ግስ "አቤይት" ይባላል። መምህራችን በጠመኔ ጻፉትና ጮክ ብለው አነበቡት። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ የተጠራ መስሎት ብድግ አለና "አቤት!" አለ። ክፍሉ ሣቀ። እሳቸው አልሣቁም፤ ልጁንም አላሳፈሩትም።

"ደግ ብለሃል። አቤት የሚባለው መቼ ነው?"

"ሲጠሩኝ ነው፣ ቲቸር።"

"ሌላስ?"

ልጁ ዝም ሲል ወደ ሁላችንም ዞሩ። አንዱ ሲበደሉ አለ፤ አንዷ ጎርፍ ሲመጣ አለች፤ ሌላው በረዶ እህሉን ሲመታ አለ። እየተቀበሉ ሰሌዳው ላይ ደረደሯቸው። ጎርፍ፣ በረዶ፣ ትኩሳት፣ ምጥ፣ የጌታ ቁጣ። "እንግዲህ ሰውን አቤት ያሰኘ ነገር ጉልበቱ ሲላላ እንግሊዞች በዚህ ግስ ይናገሩታል" አሉ። "ድምፁ የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ዝምድና የላቸውም። ቦታውን ግን አትርሱት።" በዚያ ቀን ከዚያ ክፍል የነበረ ሰው ይህን ግስ የረሳ አይመስለኝም።

ሰሌዳው ሌላኛው ግማሽ ላይ ደግሞ ግሱ የማይስማማቸውን ጻፉ። ደመወዝ፣ የተማሪ ቁጥር፣ የጋን ጠላ። እነዚህም ያንሳሉ፤ ነገር ግን ሲያንሱ ማንም እፎይ አይልም። ቁጥር በቁጥርነቱ ሲወርድ እንግሊዝኛ ሌላ ግስ አለው። ጨረቃ ስትጎድል የራሷ ግስ አላት። የባሕር ውሃ ከዳር ሲሸሽም የራሱ አለው። እኛ በአንድ "ጎደለ" የምናጠቃልላቸውን እነሱ ለየብቻ ይጠሯቸዋል። በአንጻሩ እነሱ በዚህ በአንድ ግስ የሚያስሯቸውን እኛ እንፈታቸዋለን። ዝናብ ያባራል፣ ነፋስ ጋብ ይላል፣ ቁጣ ይበርዳል፣ ትኩሳት ይለቃል፣ ግርግር ይረግባል። ይህን ሲያሳዩን ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ዛሬም ይታየኛል። ሁለት ቋንቋዎች ያንኑ ዓለም በተለያየ ቦታ ሲቆርሱት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር፤ የትርጉም ሥራን የወደድኩት ከዚያ ሰሌዳ ፊት ተቀምጬ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የቃሉን ትውልድ የነገሩን በሌላ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ጎረፉ፤ ይህም ከእነሱ ጋር የመጣ ነው። ፈረንሳይኛው መትቶ መጣል ማለት ነው፤ ሥሩ ደግሞ መደብደብን የሚናገረው የላቲኑ "ባቱዌሬ" ነው። ውጊያን፣ ፍልሚያን፣ ክርክርን የሚጠሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ከዚያው ሥር ወጥተዋል። ፈረንሳዮች ለቄራ የሚሉትም ከዚያው ነው። እኛ በየቤታችን "ባትሪ" የምንለው እንኳ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ቃሉ መጀመሪያ ድብደባ፣ ቀጥሎ አብረው የሚተኩሱ መድፎች ማለት ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ብልቃጦችን በረድፍ ሲያያይዝ ያንኑ ስም ሰጣቸው። መብራት ባልገባበት ሰፈር ባትሪ የማያውቅ ልጅ የለምና፣ መምህራችን ይህን ሲነግሩን ማታ ከብት ለመቁጠር የምንይዘው ዕቃ ከዚያ መርከብ ማዕበል ጋር ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ትውልድ የተረፈ ነገር በግሱ ውስጥ አለ። ገር የሆነ ነገር አይነገርበትም። መጀመሪያ የሚመታ ጉልበት ይኑረው፤ ያ ጉልበት ነው በኋላ የሚወርደው።

ትርጉሙን ጠንቅቄ ያወቅሁት ግን ቤታችን ውስጥ ነው።

ፎገራ ላይ ንዳድ የሚመጣው ወንዙ ሲጎድል ነው። ውሃው ሜዳውን ለቆ ሲሄድ በየጉድጓዱ ኩሬ ይተዋል፤ የወባ ትንኝ እዚያ ትራባለች። መስከረም አደዩ ፈንድቶ፣ ጥቅምትና ኅዳር እህሉ ደርሶ ሰው በደስታው ወቅት ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1958 የነበረው የወባ ወረርሽኝ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘና 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ተገምቷል። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ይህን ቁጥር አያውቁትም፤ እነሱ የሚያወሩት የደረሰ እህል አጫጅ አጥቶ ማሳ ላይ ስለ መርገፉ ነበር።

አክስቴን የያዛት በአንድ ጥቅምት ነው። መጀመሪያ ብርዱ፤ በቀትር ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርባ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ቀጥሎ ትኩሳቱ፤ እጇን ስንይዘው ያቃጥላል፣ የሞቱ ዘመዶቿን በስም ትጠራለች። ቀጥሎ ላቡ። ላቡ ሲመጣ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ስትነሣ ቡና ትጠይቃለች፤ ጎረቤቶቹም "እሰይ፣ ለቀቃት!" ይላሉ። ድሬሰሩ ክሎሮኪን ሰጥቷት ነበር። ሲሰጣት እኔ አብሬያት ነበርኩ፤ "እትዬ፣ ላብ ሲመጣ ጋብ ይላል። ጋብ ሲል አይመኑት፤ ክኒኑን ይጨርሱ" ብሏታል።

የወባ ጠባይ እሱ እንዳለው ነው። ተሐዋሲው ደም ውስጥ ተራብቶ ቀይ የደም ሕዋሳትን አፍርሶ የሚወጣው በ48 ሰዓት አንድ ጊዜ ነው፤ ትኩሳቱም ይህንኑ ተከትሎ አንድ ቀን ይፋጃል፣ በማግሥቱ ጋብ ይላል፣ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። የመሐሉ ቀን ጤና ይመስላል። አክስቴ በመሐሉ ቀን ተነሥታ ወደ ማሳ ሄደች፤ የተረፈውን ክኒን "ልጆቹን የያዛቸው እንደሆነ" ብላ በጨርቅ ቋጥራ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ማንም እናት በዚያን ጊዜ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ክኒን እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ኅዳር ሳያልቅ ከቤታችን ሰው ጎደለ።

መምህራችን ለቅሶ መጡ። ከአባቴ ጎን ተቀምጠው ብዙ ቆዩ፤ ስለ ትምህርት አንድም አላነሡም። እኔ ወደ ክፍል ስመለስ የቀደሙትን ቃላት የምንከልስበት ሳምንት ነበርና ያ ግስ ደረሰ። ትኩሳትን ከዝርዝሩ አላወጡትም። አንድ ነገር ግን ጨመሩበት። "ይህ ግስ መጨረሻ አይናገርም። ጉልበቱ ወረደ ይላል እንጂ ሄደ አይልም። ሄደ ማለት ስትፈልጉ ሌላ ግስ ፈልጉ።" ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም።

በአማርኛም ልዩነቱ አለ። "አባራ" ያልነው ዝናብ አልቋል፤ ልብስ ይሰጣል። "ጋብ አለ" ያልነው ዝናብ ግን ደመናውን እያየን፣ ሳይመለስ እንድረስ ብለን የምንሮጥበት ነው። "ለቀቃት" ብለው እሰይ ያሉት ጎረቤቶች በደግነት ነው ያሉት፤ ትክክለኛውን ግስ ያወቀው ድሬሰሩ ነበር።

ብዙ ቆይቼ አዲስ አበባ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ በተርጓሚነት ተቀጠርኩ። በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ ሌሊት የመጣ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ ደቡብ ላይ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ300 በላይ ወሰደ፤ ጣና ዙሪያ ፎገራና ሊቦ ከምከም በውሃ ተዋጡና ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነሣ። የሁኔታ ዘገባው በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ እኛ ለወረዳና ለቀበሌ የሚሄደውን በአማርኛ እናዘጋጃለን። አንድ ቀን ስለ ጣናው ጎርፍ ያ ግስ መጣ። ረቂቁ ላይ "ጎርፉ ቆሟል" ተብሎ ተጽፎ አየሁ። "ጋብ ብሏል" ይሁን አልኩ። አንድ ባልደረባዬ፣ ጥሩ ጸሐፊ ነው፣ "ጋብ ማለት የአፍ አነጋገር ነው፤ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይሆንም" አለኝ። ክርክሩ ረዘመ። እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ቀበሌው "ቆሟል" ብሎ ካነበበ ሰዉ ልጆቹንና ከብቱን ይዞ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ ጉና ላይ ደግሞ ገና እየዘነበ ነው። ኃላፊያችን ሁለታችንንም ሰምተው "ጋብ ብሏል" ተብሎ ይውጣ አሉ። ያ ደብዳቤ ስንቱ ዘንድ እንደደረሰ ተከታትዬ አላየሁም፤ ግን ከጻፍኳቸው ሁሉ ልቤ ያረፈበት እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስን መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀምሬ ነበር። ግሱ እዚያም አለ። ከ150 ቀን በኋላ የኖኅ ዘመን ውሃ የጎደለው በዚህ ግስ ነው። መሳፍንት ላይ የኤፍሬም ሰዎች ቁጣ በጌዴዎን መልካም ቃል ሲበርድም ይኸው ግስ ነው። እስከዚህ ከመምህሬ ሰሌዳ ጋር ይስማማል። ዘዳግም መጨረሻ ላይ ግን ሙሴ በ120 ዓመቱ ሲሞት ጉልበቱ እንዳልደከመ ለመናገር ተርጓሚዎቹ ይህንኑ ግስ በአሉታ አስገቡት። የሰው ጉልበት ሲደክም እፎይ የሚል የለም፤ እንግዲያ ይህ ከየት መጣ? ሼክስፒርም "የቬኒሱ ነጋዴ" ውስጥ መነሻው የተቆረጠውን ግስ ለትንፋሽ ሰጥቶታል፤ ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ ለማለት የሚጠቀምበት አነጋገር ከዚያ የመጣ ነው። የሙሴን ነገር ለመምህሬ ላነሣው በልቤ ያዝኩት።

ኑሮዬ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ከዞረ ወዲህ ደግሞ ግሱን በሕግ ልብስ አገኘሁት። እዚህ ያለ ወገናችን ይህን ቃል ከማዕበል ጋር አያውቀውም። ከተማ የቤት ግብር ሲቀንስለት፣ ግብር ያዘገየበት ቅጣት ሲነሣለት ነው የሚሰማው። ቅጣቱ እንዲነሣ ምክንያትን ዘርዝሮ ለግብር መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ለሰው በሞላሁ ቁጥር ያ የኋላ ወንበር ልጅ ትዝ ይለኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 እርሳስ የተባለውን ማዕድን ከቤት ቀለም ውስጥ ስትከለክል፣ ከአሮጌ ቤቶች ቀለሙን የማስወገዱ ሥራ በዚህ ግስ ተሰየመ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣችው የጩኸት ሕግም ስሙ ከዚሁ ነው። የሟች ንብረት ለተናዘዘላቸው ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር የየሰዉ ድርሻ የሚቀነሰው በዚህ ግስ ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ላይ ሳለ ቢሞት ክሱ የሚሰረዘውም በዚሁ ነው። ፍርድ ቤት ገብቶ ግን መለስተኛነቱን ይተዋል። መትቶ መጣል የሚለው የጥንቱ ፈረንሳይኛ እዚያ ይነቃል፤ ነገሩ ተሰርዟል፣ ተወግዷል፣ አይመለስም።

ባለፈው ወደ ወረታ ስሄድ መምህሬን ልጠይቃቸው ገባሁ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሜዳው ዛሬ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ግቢያቸው ድረስ የሩዝ ገለባ ሽታ ይመጣል። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል።

"ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? እግርዎስ?"

"ዛሬስ ታግሦልኛል፤ ተመስገን።"

ቡና እስኪፈላ የሙሴን ነገር አነሣሁ። ጥቂት አሰቡና፣ "ሙሴ እኮ ጉልበቱ ሰው ላይ ያርፍ የነበረ ሰው ነው" አሉ። "ግብፃዊውን የመታ፣ ጽላቱን ወርውሮ የሰበረ። እሱን የፈራ ሁሉ አቤት ይል ነበር። ግሱ ቦታውን አልሳተም።" በዚህ ተረታሁ። የሕጉንም ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ቃል ሲያረጅ የልጅነቱን ጠባይ አንዳንዴ ይመልሳል አሉ። ከዚያ ለአማርኛው "ጋብ አለ" የሚያህል የለም ብዬ ስላቸው ግን አልተቀበሉኝም።

"ታገሠ ነው" አሉ። "ጋብ አለ ስትል ነገሩ በራሱ ደከመ ማለትህ ነው። ታገሠልኝ ስትል ጉልበቱ እያለው ስለ አንተ ብሎ ያዘው። ይሄ ቁርጥማት አልደከመም፤ ሌሊት ቢፈልግ ያስጮኸኛል። ዛሬ ታገሠኝ።"

"ማዕበልስ ይታገሣል፣ ጋሼ?"

"ለምን አይታገሥም? መርከቢቱ ውስጥ ያደሩትን ጠይቃቸዋ!"

እኔ አሁንም በቃሌ ነኝ። የእንግሊዝኛው ግስ ለነገሩ ፈቃድ አይሰጠውም፤ ማዕበሉ ይወርዳል እንጂ ለማንም አይራራም። መታገሥ ደግሞ ልብ ላለው ነው። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የአክስቴንም ትኩሳት አነሣሁባቸው፤ ለእሱ "ታገሠ" የሚለውን ልሰጠው አልችልም አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"እሱንስ ተወው ልጄ" አሉ። "እሱ ጋብ ነው ያለው።"